ማይክሮ ሲቲ በሕብረ ሕዋስ ምህንድስና

ማይክሮ ሲቲ ናሙናው ሳይቆረጥ ውስጡን በራጅ በሦስት አውታር የሚያሳይ ዘዴ ነው። ናሙናው እየዞረ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሱና ኮምፒውተር ያቀናጃቸዋል። ተመራማሪዎቹ ኤሊየትና ዶቨር በ1982 እ.ኤ.አ. የትንሽ ቀንድ አውጣን ቅርፊት እንዲህ አሳይተዋል።

በሕብረ ሕዋስ ምህንድስና አጥንት እንዲያበቅል የሚሠራ የሴራሚክ መደገፊያ ሲመረመር ዋናው ጥያቄ የቀዳዳዎቹ ብዛት ሳይሆን እርስ በርስ መገናኘታቸው ነው፤ ካልተገናኙ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ወደ መሀል አይዘልቁም። የቀዳዳዎቹ ስፋትም ብዙ ጊዜ ቢያንስ 100 ማይክሮሜትር እንዲሆን ይፈለጋል። ሴራሚክ ራጅን አጥብቆ ስለሚያስቀር ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን አዲስ የበቀለው አጥንት በምስሉ ላይ ግራጫነቱ ከሴራሚኩ ጋር ስለሚቀራረብ ሁለቱን መለየት አድካሚ ነው። ውሃ የሚይዘው ለስላሳ መደገፊያ፣ ሃይድሮጄል፣ ደግሞ በምስሉ ላይ ከያዘው ውሃ ስለማይለይ አዮዲን ውስጥ ይነከራል። ሕያው ሕዋሳት ላሉበት ናሙና ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምስሉ ይበልጥ እንዲጠራ ሲፈለግ የጨረሩ መጠን ይጨምራል፣ ሕዋሳቱንም ይጎዳል።