ዜና መዋዕል ዘሚኻይል ታል፣ የሪጋው የቼዝ ንጉሥ

ይህ ሰውነቱ ደካማ፣ ልቡ ግን ደፋር የነበረው የሚኻይል ታል ታሪክ ነው። ዘመኑም የተቆጠረው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1936 ዓ.ም. ኖቬምበር በገባ በ9ኛው ቀን፣ በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። የቀኝ እጁ ጣቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። በ1941 የጀርመን ጦር በገሠገሠ ጊዜ ቤተ ሰቡ ወደ ኡራል ምድር ሸሹ፤ ጦርነቱም ሲያበቃ ወደ ሪጋ ተመለሱ። አባቱ ሐኪም ነበረ፤ ልጁም አባቱ ሲጫወት እያየ ቼዝን ለመደ። ከዚያም አሌክሳንደር ኮብለንትስ የሚባል የሪጋ የቼዝ ሊቅ ተቀብሎ አሠለጠነው።

በ1953 የላትቪያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1957፣ ገና 20 ዓመቱ ሳለ፣ የሶቭየት ኅብረትን ታላላቆች ሁሉ አልፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመትም የግራንድ ማስተርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1958 ድሉን ደገመ።

በ1959 የዓለምን ሻምፒዮን የሚገጥመው ሰው ይለይ ዘንድ ስምንት ተጫዋቾች በዩጎዝላቪያ ተሰበሰቡ። ታል ከ28 ጨዋታ 20 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። የ16 ዓመቱን ቦቢ ፊሸርን አራት ጊዜ ገጥሞ አራቱንም ረታው። የታልን ዐይን የፈሩም ነበሩ፤ ፓል ቤንኮ ያ አተኩሮ ማየቱ እንዳያፈዘው ብሎ ጥቁር መነጽር አድርጎ ቀረበ፤ ታል ግን አሸነፈው።

በ1960 በማርች ወር ታል ከዓለም ሻምፒዮኑ ከሚኻይል ቦትቪኒክ ጋር በሞስኮ ተጋጠመ። ቦትቪኒክ ከ1948 ጀምሮ፣ አንድ ዓመት ብቻ ለስሚስሎቭ ለቆ፣ በዙፋኑ የኖረ ነው፤ ሁሉን አስቀድሞ የሚያጠና፣ የሚመዝን ሰው ነበረ። በስድስተኛው ጨዋታ ታል በጥቁሩ ወገን ሆኖ፣ በ21ኛው እርምጃ ፈረሱን አንሥቶ የነጩ ወታደር ሊበላው ከሚችልበት ቦታ አኖረው። ያተረፈውም ለቀሩት ሠራዊቱ መንገድ መከፈቱን ብቻ ነበረ። ይህን ያየ ሕዝብ ተንጫጫ፤ ዝም በሉ ቢሉት አልሰማ ስላለ፣ ሁለቱን ተጫዋቾች ከመድረኩ ጀርባ ወዳለ ክፍል ወስደው በዚያ አስጨረሷቸው። ሊቃውንት በኋላ ጊዜ ወስደው ሲመረምሩ ለዚያ ፈረስ መልስ አገኙለት፤ ቦትቪኒክ ግን ሰዓቱ እየሄደበት አላገኘውምና ተረታ። የታል ጥበብም ይህ ነበረ፤ በገበታው ላይ ተቀምጦ ሊፈታ የማይችል እንቆቅልሽ ያቀርባል። በሜይ 7 ቀንም 12.5 ለ8.5 አሸንፎ፣ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእሱ በፊት በዚህ ዕድሜ የነገሠ አልነበረም።

በ1961 ቦትቪኒክ በሕግ በተፈቀደለት የመልስ ግጥሚያ መጣ። ታል ኩላሊቱ ታሞ ሳለ ገጠመው፤ 13 ለ8 ተሸንፎም ዘውዱን መለሰ። በ1962 በኩራሳው ደሴት በተደረገው ውድድር ሕመሙ ጸንቶበት፣ ሳይጨርስ ወደ ሆስፒታል ገባ፤ ፊሸርም ሄዶ ጠየቀው፤ በአልጋው አጠገብም ቼዝ ተጫወቱ። በ1969 አንዱ ኩላሊቱ ወጣ። ሲጋራና መጠጥም አልተለዩትምና ሥጋው ዕረፍት አላገኘም።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳግም በረታ። ከ1973 እስከ 1974 በተከታታይ 95 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆየ። በ1978 ለስድስተኛ ጊዜ የሶቭየት ሻምፒዮን ሆነ። በ1979 በሞንትሪያል አንድም ሳይሸነፍ ከነጋሢው ከካርፖቭ ጋር አንደኝነቱን ተካፈለ። በ1988፣ በ51 ዓመቱ፣ በካናዳ የፈጣን ቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በ1992 በሜይ ወር ታል በሞስኮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበረ። የፈጣን ቼዝ ውድድር መኖሩን ሰምቶ ከአልጋው ተነሥቶ ሄደ፤ በዚያም የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ረታ። በጁን 28 ቀን አረፈ፤ በተወለደባት በሪጋም ተቀበረ።

በዙፋን የቆየው አንድ ዓመት ያህል ነው። ከእሱ የበለጠ የነገሡ ብዙዎች ናቸው፤ ዘውዱን ካጣ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በታመመ ሥጋ፣ ያለ ቂም ለጨዋታው ፍቅር የተዋጋ እንደ እሱ ያለ ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከነገሥታቱ ታሪክ ጋር ሊጻፍ ይገባዋል።