ወንድ ልጅ የሚያለቅስበት ቦታ

ባለፈው ክረምት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በተተከለ የእድር ድንኳን ልቅሶ ደርሼ ነበር። የሞተው ጎልማሳ ጎረቤት ነው። አሥር ዓመት ያህል የሆነው ልጁ ለቁመቱ የሚበዛ ጋቢ ለብሶ ከወንዶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አጎቱ ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉና «አይዞህ! ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» አሉት። ልጁ እንባውን ዋጠ። እኔም ከጎኑ ሆኜ «ጎበዝ!» አልኩት።

ያቺ «ጎበዝ» ያልኳት ቃል ቤቴ ድረስ ተከትላኝ ገባች። ልጁን ያመሰገንኩት በምን ነበር? አባቱን ስላጣ ነው ወይስ ማጣቱን ስለደበቀልን?

አጎቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ከአባቶቻቸው የወረሱትን ምክር ያስተላለፉ መስሏቸው ነው። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ እውን አባቶቻችን አያለቅሱም ነበር?

የድሮውን ልቅሶ እናስታውስ። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ስመ ጥር ሰው ሲሞት ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የሟቹ ፈረስ ተጭኖ ይቀርባል፤ ጋሻውና ጠመንጃው ወጥቶ ይታያል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ወንዱም ደረቱን እየደቃ፣ የሟቹን ሙያ እየጠራ በአደባባይ ያነባል። እዚያ ቦታ ላይ ዓይኑ ደረቅ የሆነ ሰው «ምን ያለ ጨካኝ ነው» ይባላል እንጂ ጀግና አይባልም። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ እንኳ፣ ያ «አባ ታጠቅ» የተባሉት ጀግና፣ በ1850 ዓ.ም. ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ሲያርፉ እጅግ መሪር ሐዘን አዝነዋል። በዚህ ሐዘናቸው ወንድነታቸውን የተጠራጠረ አልነበረም።

የቤተ ክህነቱንም ትምህርት እንመልከት። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ የንባብ ትምህርቱን የሚደመድመው ዳዊት በመድገም ነበር። ልጁ ግእዙን ሁሉ ባይረዳው እንኳ፣ እያደገ ሲሄድ 150ው መዝሙር ምን እንደሚል ማወቁ አይቀርም፤ ጦረኛ የነበረ ንጉሥ ይፈራል፣ ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ ይጸጸታል፣ ደግሞም ይደሰታል። እንግዲህ ያ ትውልድ ማንበብን የተማረው በሚያለቅስ ንጉሥ አንደበት ነው ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ያለፈውን ዘመን ያለ ልክ ማሞገስም አይገባም። ፉከራና ቀረርቶ ለወንዱ የቁጣን ቋንቋ አትረፍርፈው ሰጥተውታል። የፍርሃትና የናፍቆት ቋንቋው ግን ሰስቶ ነበር። ሆኖም ቢያንስ ለሐዘኑ ቦታና ቃል ነበረው።

ቦታና ቃል ያጣ ልጅ ምን እንደሚሆን ደግሞ የእኒሁ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ያሳየናል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ከወር በኋላ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር በሚወርዱበት መንገድ ላይ አረፉ። ሕፃኑን ተረክቦ የወሰደው አማርኛ ይናገር የነበረው፣ የሀገራችን ሰው «ባሻ ፈለቀ» ይለው የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት ይፈራ ስለ ነበር ከስፒዲ ሳይለይ ነበር የሚተኛው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን ከስፒዲም ለዩትና ወደ እንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። በዚያም አማርኛው ከአፉ ጠፋ።

ይህን ነገር ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በጥቂቱ ማለፍ ይከብዳል። ልጁ ያጣው አባትና እናት ብቻ አይደለም፤ «አባዬ» እና «እማዬ» ብሎ የሚያለቅስበትን ቋንቋ ጭምር ነው። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተ። የተቀበረው በዊንዘር ነው። በልጅነቱ በተነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ያ በሐዘን የተዋጠ ፊቱ እስከ ዛሬ ያየናል።

ለእንዲህ ያለው ዝምታ ከሀገር መውጣት ግድ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ እዚሁ አዲስ አበባ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ቤተሰቦች ድንኳን እንዳይተክሉ፣ እንዳያለቅሱም ተከልክለው ነበር። እንባ እንደ ወንጀል ተቆጠረ። ያኔ ብላቴና የነበሩ፣ የወንድማቸውን ሞት ትራስ ነክሰው ያሳለፉ ወንዶች ዛሬ አባቶችና አያቶች ሆነዋል። ዝምታው በጊዜው ሕይወት አድኖ ይሆናል። ነገር ግን ለክፉ ቀን የተሰፋን ልብስ በደጉ ቀን ለልጅ ማልበስ ምን የሚሉት ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትም እኮ አባቶቻችን ናቸው።

ይህን እያሰብኩ ለሟቹ የአርባ ቀን ተዝካር ተመልሼ ሄድኩ። ልጁን ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ያን ቀን ጎበዝ ያልኩህ ተሳስቼ ነው። እስቲ አባትህ እንዴት ያለ ሰው እንደ ነበር ንገረኝ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። በኋላ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «ማታ ሲመጣ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ያፏጭ ነበር» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «አሁንም ማታ ማታ ይሰማኛል» ብሎ አለቀሰ። እኔም ዝም አላሰኘሁትም።

ንፋስ ስልክ አባቶቻችን ገመድ አልባውን ስልክ የጠሩበት ስም ነው። ድምፅ ያለ ገመድ ከሩቅ ሀገር ሲደርስ ተደንቀው ያወጡለት ስም መሆኑ ነው። በዚህ ስም በሚጠራ ሰፈር፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የአንድ ሕፃን ድምፅ ለእኛ ሳይደርስ አርባ ቀን ቆየ። ወንድ ልጅ ያለቅሳል፤ የጎደለው የሚያለቅስበት ቦታና የሚሰማው ሰው ነው።