አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የ2000 ዓ.ም የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600ም፣ እሱን የተካው የ2010 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1074ም ሞተር ሳይክልን ራሱን የቻለ የመንጃ ፈቃድ ምድብ ሰጥተውታል። ሕግ የሚመዝነው የነጂውን ብቃት ነው ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ግን የአዲስ አበባ አስተዳደር፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር፣ ሞተርን ከጎዳና አገደ። ምክንያቱ ቅሚያ ነበር። ቦሌ ላይ ስልክና ቦርሳ በሞተር መመንተፉ እውነት ነው፤ አልክድም። ሆኖም ገርጂና ሰሚት ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውም ወጣት ከቀማኛው ጋር አብሮ ተቀጣ።

እኔ የምለው፣ ሰሌዳ የተለጠፈውስ ባለንብረቱ እንዲታወቅ አልነበረም እንዴ? ጥፋተኛውን መለየት ሲያቅት ብረቱ ላይ ተፈረደ። ሌባ እኮ በእግሩም ያመልጣል፤ እግር ይታገድ ያለ ግን የለም።