ይፋ ማድረግ

በምርጫ ሕግ «ይፋ ማድረግ» ማለት ዕጩዎችና የፖለቲካ ኮሚቴዎች ገንዘብ ከማን እንደተቀበሉና በምን ላይ እንዳዋሉት ማንም ሊመለከተው በሚችል መዝገብ የማሳወቅ ግዴታ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት አንድ ግለሰብ ለአንድ ዕጩ በምርጫው ዙር የሰጠው መዋጮ በድምሩ ከ200 ዶላር ሲበልጥ ስሙ፣ አድራሻው፣ ሙያውና አሠሪው ለፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ይሰፍራል፤ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ኖሮት መዋጮ የሚሰጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊም ከዚህ ውጭ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 (እ.ኤ.አ.) የወጪ ጣሪያን ሲሽር እንኳ ይህን ግዴታ አጽንቶታል። ይሁን እንጂ «ለማኅበራዊ ደኅንነት» ተቋቋሙ የሚባሉ፣ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች በአብዛኛው ለጋሾቻቸውን ሳይገልጹ ለምርጫ ማስታወቂያ ስለሚከፍሉ፣ ምንጩ የተሰወረው ይህ «ጨለማ ገንዘብ» መራጩን የከፋዩን ማንነት ሳያውቅ እንዲወስን ያደርገዋል፤ ቀዳዳው እስካልተደፈነ ድረስ ሕጉ ትንሹን ለጋሽ አጋልጦ ትልቁን የሚሸሽግ ሆኖ ይቀራል።