«የሚቀጥለው ዓመት ይምጣ!»

የአርሰናል ደጋፊዎች ይህቺን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማንቼም የቼልሲም ብትሆኑ ግድ የለም፣ ግቡ። ወሬው ግን ስለ እግር ኳስ አይደለም። ስለ ቤዝቦል ነው። አዎ፣ ያ ፊልም ላይ ስናየው «ኧረ አሳልፈው» የምንለው፣ አንዱ ዱላ ይዞ ቆሞ ሌላው ኳስ ሲወረውርበት የሚውለው ጨዋታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ሎስ አንጀለስ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። በሌሊት ከውጭ ሲደወል ልብ እንዴት እንደሚመታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዘልዬ ተነሳሁ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም። ዶጀርስና ያንኪስ ሊጀምሩ ነው፤ ሊንክ ልኬልሃለሁ፣ ክፈተው» አይለኝም መሰላችሁ! የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ተማሪዎቼም ያነባሉ።

ግን ከፈትኩት። ወንድሜ ያኔ አገር ከለቀቀ 11 ዓመቱ ነበር። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ማሊያ ተዋውሰን፣ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ተሻምተን አርሰናልን እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ከሄደ በኋላ የምናወራው ነገር እያነሰ መጣ። «እማዬ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» «ብሩ ደረሰ?» «ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን።» በቃ፣ ያቺው ናት። ስለዚህ ምንም ባይገባኝም አብሬው ላይ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መጨረሻ ላይ፣ ዶጀርስ 3 ለ 2 እየተመራ፣ ሦስቱም ቤዝ ላይ ሯጭ ቆሞ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ የሚያነክስ ፍሬዲ ፍሪማን የሚባል ሰውዬ የተወረወረለትን የመጀመሪያ ኳስ ተመልካች መሀል ሰደደው። በአንድ ምት አራት ነጥብ። 6 ለ 3፣ አለቀ! ወንድሜ ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ቤቱ ተናወጠ። እማዬ ነጠላዋን እንደጣለች ከጓዳ ወጥታ «ደግሞ በዚህ ማለዳ ምን ሆናችሁ?» አለች።

ያን ጠዋት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ዶጀርስ ማለት ግን ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ» አለኝ።

የታሪክ አስተማሪ «እኔ እንጃ» ከሰማ አይተኛም። ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

*

አስቀድሜ ጨዋታውን ላስረዳ፤ ሳይገባን ነው የሰለቸን።

አንደኛ፣ ኳሱ ያለው በተከላካዩ እጅ ነው። ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል። መቶ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ልብ በሉ፣ ነጥብ የሚገኘው ቤት ሲገባ ነው። የመጨረሻዋን ማዕዘን እነሱም «ቤት» ነው የሚሏት።

ሁለተኛ፣ ጨዋታውን የሚዘጋ ሰዓት የለም። እያንዳንዱ ቡድን 27 ሰው እስኪወጣበት፣ አውት እስኪሆንበት ድረስ ይጫወታል። እየመራህ ሰዓት መግደል፣ ኳስ ወደ ኋላ መመለስ፣ መሬት ላይ ተንከባልሎ ማቃሰት አይቻልም። 26ቱን አስወጥተህም 27ኛውን እስካላስወጣህ ድረስ አላሸነፍክም። የልብ ስብራት ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ሕግ ነው።

ሦስተኛ፣ ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ የተሳካለት መቺ እንደ ምርጥ ይቆጠራል። እኔ ክፍል ከ10 ሦስት ያመጣ ተማሪ ወላጅ ይዞ ነው የሚመጣው። እዚያ ግን ሰባት ጊዜ ወድቆ ስምንተኛውን መሞከር የሙያው ወግ ነው። ይህ ሲገባኝ ነው ጨዋታውን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት።

አራተኛ፣ ዋንጫው በአንድ ቀን አይወሰንም። የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች በወርልድ ሲሪስ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ይወስዳል። እስከ ሰባት ሊሄድ ይችላል። ዛሬ የበለጠህን ሰው ነገ ታገኘዋለህ። ቂም ይዘህ ታድራለህ፣ እሱም ያድራል።

*

አሁን ወደ ታሪኩ። ዶጀርስ የሎስ አንጀለስ ልጅ አይደለም። የተወለደው ከአገሪቱ ሌላኛ ጫፍ፣ ብሩክሊን ነው። ብሩክሊን እስከ 1898 ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ከዚያ ከኒው ዮርክ ጋር ተቀላቀለች። በከተማዋ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ልብ ይከንፍ ስለነበር ነዋሪው እየዘለለ ነበር የሚያመልጠው። «ዶጀርስ» ማለት እንግዲህ «ባቡር የሚሸሹት» ማለት ነው። የሰፈር ስም፣ የድሃ ስም።

ሰፈሩ የስደተኛ ሰፈር ነው። ጣልያኑ፣ አይሁዱ፣ አይሪሹ፣ ከደቡብ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሜዳቸው ኤቤትስ ፊልድ በ1913 ተከፈተ፤ ጠባብ ስለሆነ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ጋር እየተሰዳደበ ነበር የሚያየው። ቡድናቸውን ራሳቸው «ቦዘኔዎቹ» ይሉታል። እነሱ ይበሉት እንጂ ሌላ ሰው ካለው ጠብ ነው።

ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ያንኪስ አለ። ሀብታም፣ ኩሩ፣ ዋንጫ የለመደ። እስከ 1953 ድረስ 16 ጊዜ የወርልድ ሲሪስ ሻምፒዮን ሆኗል። ብሩክሊን ስንት ጊዜ? ዜሮ።

በ1941 ተገናኙ። ያንኪስ 2 ለ 1 ይመራል፤ አራተኛው ጨዋታ ላይ ብሩክሊን 4 ለ 3 እየመራ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ቀረው። የያንኪሱ መቺ ቶሚ ሄንሪክ ሦስተኛውን ኳስ ሳተ። አለቀ! ተመልካቹ ጨፈረ። ግን ኳሱን ከኋላ የሚቀበለው ሚኪ ኦወን አልያዘውም፤ ከእጁ አምልጦ ሄደ። በሕጉ መሠረት ሄንሪክ ሮጦ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ገባ። ከዚያማ ጎርፉ ወረደ፤ ያንኪስ አራት ነጥብ አግብቶ 7 ለ 4 አሸነፈ፣ በማግስቱም ዋንጫውን ወሰደ። በሦስት መሥመር ስታነቡት ቀላል ይመስላል፤ ኦወን ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚታወሰው በዚያች ኳስ ነው።

የብሩክሊን ሰው ያኔ ምን አለ? «የሚቀጥለው ዓመት ይምጣ!»

*

በ1947 ሌላ ነገር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ለ60 ዓመት ያህል ጥቁር ተጫዋች በትልቁ ሊግ አልተፈቀደለትም። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የተነጋገሩበት ነበር። ጥቁሮቹ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ብሩክሊን ጃኪ ሮቢንሰንን አሰለፈ።

ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መኮንን ነበር። በ1944 አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል አልሄድም ብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቋል። እሳት ነው። ያስፈረመው የቡድኑ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ግን የጠየቀው ሲሰድቡህ መልስ አትስጥ ብሎ ነው። ሮቢንሰን ቃሉን ጠበቀ። ተሰደበ፣ ተዛተበት፣ ሆን ተብሎ ኳስ ተወረወረበት፤ እሱ ሮጠ። ማርቲን ሉተር ኪንግን ዓለም ከማወቁ ከዓመታት በፊት ነው ይህ የሆነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቡድን ዋንጫ በላ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ታሪክ ግን ተረት አይደለም። በ1947 በያንኪስ ተሸነፉ። በ1949 በያንኪስ ተሸነፉ። በ1951 ከ13 ጨዋታ በላይ ልዩነት ይዘው ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ኢኒንግ በጃያንትስ ተቀደሙና ወርልድ ሲሪስ ሳይገቡ ቀሩ። 1952፣ ያንኪስ። 1953፣ ያንኪስ።

«የሚቀጥለው ዓመት ይምጣ!» ቀልድ ሆነች፣ ከዚያ ጸሎት ሆነች፣ ከዚያ ቁስል ሆነች።

*

1955። አሁንም ያንኪስ። ብሩክሊን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ሦስቱን በሜዳው አሸነፈ፤ ስድስተኛውን ተሸነፈ። 3 ለ 3። ሰባተኛው ጥቅምት 4 ቀን፣ በያንኪስ ሜዳ። በእኛ መስከረም 23 ቀን 1948 ዓ.ም. ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ለጃንሆይ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን።

ብሩክሊን ያሰለፈው ወርዋሪ ጆኒ ፖድረስ የ23 ዓመት ልጅ ነው። ሮቢንሰን ያን ቀን አልተሰለፈም። ጊል ሆጅስ ሁለቱን ነጥብ አስገባ፤ 2 ለ 0። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ጭንቁ መጣ። ያንኪስ ሁለት ሯጭ ቤዝ ላይ አለው፤ የወጣበት ሰው የለም፤ መቺው ዮጊ ቤራ ነው። ቤራ ኳሱን ወደ ግራው ጥግ፣ ማንም ወደሌለበት ላካት። ብትወድቅ ሁለቱም ይገባሉ።

በዚያው ኢኒንግ ተቀይሮ የገባ ሳንዲ አሞሮስ የሚባል ኩባዊ ነበር። ጥቁር፣ አጭር፣ እንግሊዝኛው ብዙም ያልሆነ። ግራኝ ስለሆነ ጓንቲው በቀኝ እጁ ላይ ነው። ሮጠ፣ ሮጠ፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቀኝ እጁን ዘረጋና ያዛት። ያ ቦታ ላይ ቀድሞ የነበረው ተጫዋች ጓንቲው በግራ እጁ ነበር፤ ላይደርስባት ይችል ነበር። አሞሮስ ወዲያው መልሶ ወረወረ፤ ቤዙን ለቆ የነበረው ሯጭም ሳይመለስ ወጣ። በአንድ ኳስ ሁለት ሰው!

2 ለ 0 አለቀ። ብሩክሊን መኪናው ጡሩንባውን እየነፋ፣ ወረቀት ከመስኮት እየዘነበ፣ ሰው እየተቃቀፈ አደረ። ያ የሚቀጥለው ዓመት መጣ።

*

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚል ጽሑፍ ይሆን ነበር። ግን አላቆምም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በ1957፣ ዶጀርስ ብሩክሊንን ለቆ ወደ ሎስ አንጀለስ እንደሚሄድ ታወጀ። ባለቤቱ ዋልተር ኦማሊ አዲስ ስታዲየም መሥራት ፈለገ፤ በከተማው ግንባታ ላይ የመጨረሻው ቃል የነበረው ሮበርት ሞዝስ የጠየቀውን ቦታ ከለከለው። ደጋፊውም መኪና እየገዛ ወደ ዳር እየወጣ ነበር። የማን ጥፋት ነው? እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የመጨረሻውን የሜዳ ጨዋታ ያየው ሰው 7,000 አይሞላም። በ1960 ኤቤትስ ፊልድ ፈረሰ፤ የሚያፈርሰውን የብረት ድቡልቡል እንደ ቤዝቦል ኳስ ቀለም ቀብተውት ነበር! ዛሬ ቦታው ላይ አፓርታማ ቆሟል። ያደግህበት ሰፈር ሲፈርስ ምን እንደሚሰማ ለእናንተ አላስረዳም።

ሎስ አንጀለስስ? ስታዲየሙ የተሠራበት ኮረብታ፣ ቻቬዝ ራቪን፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ሰፈር ነበር። መጀመሪያ የሕዝብ ቤት እንሠራለን ተብለው ተነሱ፤ ያ ቀረና ቦታው ለስታዲየም ዋለ። የመጨረሻዎቹ በ1959 በፖሊስ ተጎትተው ወጡ። የአንዱ ሰፈር ለቅሶ ለሌላው ደስታ ሲሆን፣ ያኛውም ደስታ ከሥሩ ለቅሶ አለው።

ብዙ ሜክሲኳውያን ለዓመታት ያን ስታዲየም አንረግጥም አሉ። በ1981 ከአንዲት የሜክሲኮ ገጠር የመጣ የ20 ዓመት ወርዋሪ፣ ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ፣ የ12 ልጆች የመጨረሻ፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈና ስታዲየሙን በወገኖቹ ሞላው። በዚያው ዓመት ያንኪስን አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። ይቅርታ ነው? አላውቅም። ቁስሉ አልተረሳም፤ ልጆቻቸው ግን ቤታቸው አደረጉት።

ቫለንዙዌላ ያረፈው ጥቅምት 22 ቀን 2024 ነው። ወንድሜ በሌሊት ከመደወሉ ከሦስት ቀን በፊት ማለት ነው። ያን ሌሊት ተጫዋቾቹ ማሊያቸው ላይ «34» የሚል ቁጥር ለጥፈው ነበር፤ እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የእሱ ቁጥር ነው።

*

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው የወደድኳቸው። እዚህ ስመጣ ማንንም አላውቅም፤ ሥራ ቦታ ሁሉም ስለ እነሱ ነው የሚያወራው» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ስለ ብቸኝነቱ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ብሩ ከማውራታችን በፊት ስለ ወርዋሪ እናወራለን።

ዘንድሮ የደወልኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ዶጀርስ ከቶሮንቶ፣ ሰባተኛው ጨዋታ። ሊሸነፉ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀራቸው አቻ አደረጉ፤ በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 አሸነፉ። ስንጯጯህ ነጋ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተሰናድታ ስልኩን ተቀበለችኝ። ስለ ጨዋታው አልጠየቀችም።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«በሚቀጥለው ዓመት፣ እማዬ።»

12 ዓመት ሙሉ ያላትን ነው ያላት። እኔም 12 ዓመት ሙሉ ስሰማው ውስጤ የሚናደድ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን አልተናደድኩም። ብሩክሊኖች ይህቺን ቃል ሲሉ ውሸታቸውን አልነበረም። እማዬም «እሺ፣ እግዚአብሔር ይፍቀድ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መልካም ሰንበት። እናንተስ የምትጠብቁት «የሚቀጥለው ዓመት» አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።