ስለ ተማሪዎች የኅብረት ቤት

ለትምህርት ከወላጆቹ ቤት የሚወጣ ልጅ ከመጽሐፍም ከመምህርም አስቀድሞ የሚያስፈልገው ማደሪያ ነው። ማደሪያም ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚበላ፣ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው፣ ማታ ማታም የሰማውን ትምህርት አብሮት የሚያነሣና የሚጥል ባልንጀራ ጭምር ነው። ስለዚህ ተማሪ ከማን ጋር ይደር የሚለው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ ትንሽ አይደለም። ልጅ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ከሚማረው የማያንስ ነገር በማደሪያው ይማራልና።

ዛሬ በአንዳንድ አገሮች፣ ይልቁንም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንድ ዓይነት ፍላጎት ወይም አንድ ዓይነት ትውልድ ያላቸው ተማሪዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው የሚኖሩባቸው ቤቶች አሉ። አንዱ ቤት ፈረንሳይኛ ለሚያጠኑ፣ አንዱ ሙዚቃ ለሚወዱ፣ አንዱ የጥቁር ሕዝብን ታሪክና ባህል ለሚከታተሉ የተለየ ነው። ይህን ነገር የሚያመሰግኑ ሰዎች «ወገን ለወገን መጠጊያ ነው» ይላሉ። የሚነቅፉት ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚተዋወቅበት ስፍራ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ተለያይቶ ማደር ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ትናንት እንደ ተጀመረ አድርገው ይከራከሩበታል። ነገሩ ግን ብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩንም በተራ ብንመለከተው ከክርክሩ የሚሻል ፍርድ እናገኝበታለን። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ ከእኛው አገር እንነሣ። የቤተ ክህነት ተማሪ ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ለመቁጠር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ። እዚያ ሲደርስ ከባልንጀሮቹ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል። ያገኘው ላላገኘው ያካፍላል፤ የቀደመው ለኋለኛው ቀለም ይነግረዋል። በአንዱ ጎጆ የሸዋ ልጅ፣ በአንዱ የጎጃም፣ በሌላው የወሎ ወይም የትግራይ ልጅ ይኖራል። እነዚህን ልጆች ያሰባሰባቸው የተወለዱበት ቀበሌ አይደለም፤ የተራቡት ትምህርት ነው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች የሚኖሩበት መንደር ማለት ይህ ነው፤ አሜሪካውያን ሳያስቡት የእኛ አባቶች ያውቁት ነበር።

የአገራችን ሙስሊም ተማሪዎችም በባዕድ አገር ሌላ ዓይነት ማደሪያ ነበራቸው። በካይሮ ከተማ በ970 መሠረቱ የተጣለው አል-አዝሃር መስጊድ ከብዙ አገር ተማሪ የሚጎርፍበት ታላቅ የትምህርት ቤት ሆነ። ተማሪዎቹም በየትውልድ አገራቸው «ሪዋቅ» በሚባል፣ በመስጊዱ ዙሪያ ባለ የዓምድ መጠለያና ከእርሱ ጋር በተያያዘ ማደሪያ ይኖሩ ነበር። የማግሪብ ሰዎች፣ የሶርያ ሰዎች፣ የቱርክ ሰዎች የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው፤ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚሄዱትም «የጀበርት ሪዋቅ» የሚባል ነበረ። በየሪዋቁ ሼህ ይሾማል፤ ከወቅፍ ከሚገኘው ገቢም ለተማሪዎቹ ዳቦ ይታደላል። ቋንቋውን ገና ያላወቀ፣ ዘመድም የሌለው ልጅ በሪዋቁ ቋንቋውን የሚሰማለት ሰው ያገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ቀን ቀን በመስጊዱ ዓምድ ሥር በሚቀመጠው መምህር ዙሪያ ከሌላው አገር ልጅ ጋር ተቀላቅሎ ይማራል። ማደሪያው ለየብቻ፣ ትምህርቱ ግን የጋራ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ ምን እንደ ሆነ ከአንድ ቤተሰብ ታሪክ እንመልከት። የታሪክ ጸሐፊው የአብዱራህማን አል-ጀበርቲ አባቶች ከዚህ ከእኛ አካባቢ፣ በዘይላ በኩል ካለው ከጀበርት ምድር ወደ ግብፅ የሄዱ ነበሩ፤ የሪዋቁንም ሹመት በየትውልዱ ይዘው ኖሩ። አብዱራህማን በ1753 ካይሮ ተወለደ፤ ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን በወረረ ጊዜም ያየውን ሁሉ መዝግቦ ጻፈ። የዚያን ዘመን የግብፅ ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬም የእርሱን መጽሐፍ ሳይመለከት አያልፍም። በእንግድነት ገብተው በሪዋቅ ያደሩት ሰዎች ልጅ ለተቀበለው አገር የታሪክ አፍ ሆነ። መጠጊያው ከአገሩ ሕዝብ አልለየውም፤ እንዲያውም እግር እንዲተክል ረዳው።

ነገር ግን ሁሉ ቦታ እንዲህ አልሆነም። በመካከለኛው ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የጥበባት ክፍል ሰዎች በአራት ወገን ይከፈሉ ነበር፤ እነርሱም የፈረንሳይ፣ የኖርማንዲ፣ የፒካርዲና የእንግሊዝ ወገን ይባሉ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ለመልካም ነው፤ በባዕድ ከተማ ያለ ልጅ ሲበደል የሚከራከርለት ወገን ያስፈልገዋልና። ውሎ አድሮ ግን ወገን መሆን ራሱ ሥራ ሆነ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ቄስ ዣክ ደ ቪትሪ እንደ መሰከረው፣ ተማሪዎቹ እንግሊዞቹን ሰካራሞች፣ ፈረንሳዮቹን ትዕቢተኞች እያሉ በትውልድ አገር ይሰዳደቡ፣ ከስድብም አልፈው ይደባደቡ ነበር። ሊማሩ የመጡበት ነገር ተረስቶ ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ዋና ጉዳይ ሆነ።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው መቶ ዓመት ሌላ ሰው ሌላ ቤት ሠራ። ሮቤር ደ ሶርቦን ከድሀ ቤተሰብ ተወልዶ የንጉሥ ሉዊ 9ኛ ቄስ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበረ። ድሀ ተማሪ እንዴት እንደሚቸገር ያውቅ ስለ ነበር፣ በ1257 ለድሆች የነገረ መለኮት ተማሪዎች ማደሪያ አቋቋመ፤ በአንድነት እንዲበሉ፣ በአንድነት እንዲያጠኑ ደንብ ሠራላቸው። የተሰደዳደቡት ወገኖች ዛሬ በታሪክ መጽሐፍ ካልሆነ የሚያስታውሳቸው የለም፤ የድሆቹ ማደሪያ ስም ግን ሶርቦን ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ዘመን ቀርበን ክርክሩ ወደ ጸናባት ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ኮሌጆች «የወንድማማች ማኅበር» የሚባሉ የተማሪዎች ማኅበራት ተስፋፉ። የራሳቸው ቤት ነበራቸው፤ አባልም የሚቀበሉት በራሳቸው ምርጫ ነበር። ብዙዎቹ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጥቁሩንና አይሁዳዊውን፣ አንዳንዴ በጽሑፍ በተደነገገ ደንብ፣ አንዳንዴም በዝምታ ይከለክሉ ነበር። እነዚህም አንድ ዓይነት ልጆች የሚኖሩባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን «ለምን ተለያይታችሁ ታድራላችሁ?» ብሎ የሚወቅሳቸው ጥቂት ነበር። በሩ የተዘጋበት ሰው የራሱን ቤት ሲሠራ ነው ወቀሳው የበዛው።

በሩ የተዘጋባቸውም አልተቀመጡም። በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋ የሚባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። በ1909 ደግሞ ሃሪ ኤድመንድስ የሚባል የወወክማ ሠራተኛ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ላይ ያገኘውን አንድ ቻይናዊ ተማሪ «እንደምን አደርህ» አለው። ልጁም ኒው ዮርክ ከገባ ሦስት ሳምንት ቢሆነውም ያነጋገረው ሰው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ነገረው። ኤድመንድስ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ የውጭ አገር ተማሪዎችን በቤቱ መጋበዝ ጀመረ። በመጨረሻም ሁለተኛው ጆን ሮክፌለር በሰጠው ገንዘብ ኢንተርናሽናል ሃውስ የተባለው ታላቅ ማደሪያ በ1924 ተከፈተ። እንዲህ ያለ ቤት በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ ከ800 በላይ ሰዎች ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ልጆች በአንድ ጣራ ሥር ማደር የለባቸውም ብለው ነበር። በዚያ ስብሰባ ደሊላ ቢዝሊ የምትባል ጥቁር ጋዜጠኛ ተነሥታ ስለ ቤቱ ተከራከረች። ኤድመንድስም የወንድማማች ማኅበራቱ ቤቶች በተሰለፉበት መንገድ ላይ ቦታ መረጠ፤ ቤቱም በ1930 ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ክርክሩ ይበልጥ የጋለው እዚያው ኮርኔል ውስጥ ነው። በሚያዝያ 1969 ጥቁር ሴቶች ተማሪዎች በኅብረት በሚኖሩበት ዋሪ ሃውስ በሚባል ቤት ፊት ለፊት ሌሊት የሚነድ መስቀል ተተከለ። በአሜሪካ የሚነድ መስቀል ጥቁርን የማስፈራሪያ የቆየ ምልክት ነው። በማግሥቱ ጥቁር ተማሪዎች ዊላርድ ስትሬት የተባለውን የተማሪዎች አዳራሽ ያዙ፤ ነጭ ተማሪዎች ሰብረው ለመግባት ከሞከሩ በኋላም ጥቁሮቹ ተማሪዎች ራሳቸውን ለመከላከል ጠመንጃ አስገቡ። ደግነቱ 36 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነገሩ ደም ሳይፈስ በስምምነት አለቀ። በ1972 ዩኒቨርሲቲው «ኡጃማ» የሚባል የመኖሪያ ኮሌጅ ከፈተ፤ ዓላማውም የጥቁር ሕዝብን ታሪክና ባህል እያጠኑ በኅብረት መኖር ነው። ስሙ ከስዋሂሊ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ቤተሰብነት ማለት ነው፤ የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ የአገሩን ፖሊሲ የጠራበት ቃል ነው። መስቀል ተነዶበት ለነበረ ልጅ ቤተሰብ የሚባል ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹን ሁሉ ክፉዎች ናቸው ብለን ማለፍ አይገባም። ከእነርሱ አንዱ ኬኔት ክላርክ ነበር። እርሱ ራሱ ጥቁር የሆነ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው፤ ከባለቤቱ ከሜሚ ጋር ሆኖ በአሻንጉሊት ባደረገው ምርምር፣ መለየት የጥቁር ሕፃናትን ልብ እንዴት እንደሚጎዳ አሳየ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማርን በሻረ ጊዜ የእርሱን ጥናት ጠቅሷል። አንቲዮክ ኮሌጅ ነጮችን የማይቀበል የጥቁሮች የትምህርት ክፍል ሲፈቅድ፣ ክላርክ በ1969 ከኮሌጁ የአስተዳደር ጉባኤ አባልነት ለቀቀ። ዕድሜውን ሙሉ አጥር ሲያፈርስ የኖረ ሰው፣ አጥሩ በገዛ ወገኑ እጅ ሲታጠር ማየት አልቻለም። የቸገረው ልጅ መጠጊያ ይፈልጋል የሚለው እውነት ነው፤ በር የሚዘጋ ቤት ሰውን ያሳንሳል የሚለውም እውነት ነው። ታዲያ ሁለቱን እውነቶች የሚያስታርቅ ምንድን ነው?

መልሱ በራሱ በታሪኩ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቤቱን መመዘን ያለብን በውስጡ ያሉት ልጆች በመመሳሰላቸው አይደለም። በሩ ለሚፈልገው ሁሉ ይከፈታልን? በውስጡ ያደረውስ ልጅ ሲነጋ ወደ ጋራው ጉባኤ ይወጣልን? ብለን ነው። የጀበርት ሪዋቅ ልጅ ሲነጋ ወደ ዓምዱ ሥር ይወጣ ነበር፤ የፓሪስ ወገኖች ግን የማደሪያቸውን ጠብ ይዘው ወደ ጎዳና ይወጡ ነበር። የወንድማማች ማኅበራቱ ቤቶች በዘር ይዘጉ ነበር፤ ኡጃማ ግን ለማንኛውም ዘር ተማሪ ክፍት ነው፤ ነጭ ተማሪም ሊኖርበት ይችላል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን፣ የራሳችንን ዩኒቨርሲቲ እናስታውስ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1958 ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠ፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከናይጄሪያ የመጡ ተማሪዎችም በአዲስ አበባ ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ኖሩ። እነርሱ ስለ ነፃነትና ስለ ፖለቲካ በድፍረት ይነጋገሩ ነበር፤ የእኛም ልጆች ሰምተው ተነቃቁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ መነሻ ከሚሏቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ አብሮ መኖር ነው። ንቅናቄውን ወደድነውም ጠላነውም፣ በማደሪያ የሚደረግ ጨዋታ የአገርን ታሪክ እንደሚለውጥ ከዚህ እንማራለን።

በአንጻሩ በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብሔር የተለያዩ ተማሪዎች ተጋጭተው የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ልጆችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ወላጆቻቸው ሸሹ። ልጁን በእንባ ሸኝቶ ሬሳውን የተቀበለ ወላጅ አለ። የፓሪስ ወገኖች ጠብ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ በእኛ ደጅ ተደገመ። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ ወደ ወገኑ መሸሹን የሚነቅፍ የለም፤ የፈራ ሰው መጠጊያ ይሻል። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ግን ከዚያ ሳይወጣ የቀረ እንደ ሆነ፣ መጠጊያው ውሎ አድሮ አጥር ይሆንበታል።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትልኩ ወላጆች፣ በአገር ቤትም ሆነ በአሜሪካ የምትኖሩ፣ ልጃችሁ የወገኑን ልጆች ፈልጎ አብሯቸው ቢያድር አትከልክሉት። ቋንቋውን የሚሰማለት፣ ሲያዝን የሚያጽናናው ያገኛልና። ነገር ግን አንድ ነገር አደራ በሉት፤ ከወገኑ ያልሆነ አንድ ልጅ እንኳ ቢሆን በየሳምንቱ ወደ ማዕዱ ይጋብዝ፤ እርሱም ሲጋበዝ እምቢ አይበል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳዎቹ ሰዎች ሁሉ ከአንድ መንደር መምጣት አለባቸው ያለ ግን የለም።