አውግስጢኖስ ሳይጨርሳቸው የተዋቸው መጻሕፍት

መጽሐፍን ገልጦ ሳይጨርሱ መተው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ሰው የጨረሰውን እንጂ የተወውን መጽሐፍ መናገር አይወድምና፥ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ግን በኑዛዜው መጽሐፍ የጠላውንም የተወውንም ስሙን እየጠራ ስለ ጻፈ፥ ነገሩን በእርሱ ሕይወት ልንመለከተው እንችላለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አውግስጢኖስ በ354 ዓ.ም. ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር፥ በታጋስቴ ከተማ ተወለደ። በሕፃንነቱ አስቀድሞ የጠላው የጽርዕን ትምህርት ነበር። የሆሜር ተረት ጣፋጭ መሆኑን ቢያውቅም፥ ባዕዱን ቋንቋ በማስፈራራትና በቅጣት ስለ ተማረው መራራ ሆነበት። አፉን የፈታበትን ሮማይስጥ ግን ከሞግዚቶቹ ጋር በጨዋታ ለምዶት ነበርና ወደደው፤ በዚያ ቋንቋ የተጻፈውን የዲዶን ሞት ሲያነብም ያለቅስ ነበር። ከጐለመሰም በኋላ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ፥ የጽርዕን መጻሕፍት እንደሚገባ ለማንበብ እንዳልበቃ ገልጿል። የመምህር ዱላ የስንቱን ሊቅ መጽሐፍ እንደ ዘጋበት ማን ይቈጥረዋል!

በ19 ዓመቱ በቅርጣግና ሲማር ሆርቴንስዮስ የሚባለውን የሲሴሮን መጽሐፍ አገኘ። ይህ መጽሐፍ ዛሬ ጠፍቶ ቍርጥራጩ ብቻ ቀርቷል። አውግስጢኖስ ግን እርሱን አንብቦ በጥበብ ፍቅር ልቡ ስለ ተቃጠለ፥ ጥበብን ፍለጋ ቅዱሳት መጻሕፍትን ገለጠ፤ ወዲያውም ናቃቸው። በዚያን ጊዜ በአፍሪቃ ይነበብ የነበረው የሮማይስጥ ትርጓሜ ከጽርዕ ቃል በቃል የተመለሰ፥ ዘይቤውም ሻካራ ነበር። ቃልን እያሳመረ መናገርን የተማረ ጐልማሳ ይህን ከሲሴሮ ንግግር ጋር ቢያነጻጽረው ከቍጥር የማይገባ መሰለው። መጽሐፉን ዘግቶ ከማኒ ተከታዮች ጋር ገጠመ፤ እነርሱም ብሉይ ኪዳንን የሚነቅፉ ነበሩና ንቀቱን አጸኑለት። ከእነርሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ያህል ቈየ። ጥቂት ገጽ ንባብ ያስከተለውን ዕዳ ተመልከቱ!

በ384 ዓ.ም. የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ወደ ሚላኖ ሄደ። የከተማይቱን ኤጲስ ቆጶስ የአምብሮስዮስን ስብከት በመጀመሪያ ያደምጥ የነበረው ስለ አነጋገሩ ማማር ነው፤ ነገር ግን ከቃሉ ጋር ምስጢሩም አብሮ ገባ። በ386 ዓ.ም. ማስተማሩን ትቶ በገጠር ሳለ፥ ለጥምቀት ሲዘጋጅ የትኛውን መጽሐፍ ማንበብ እንደሚሻለው አምብሮስዮስን በደብዳቤ ጠየቀ። እርሱም ትንቢተ ኢሳይያስን አንብብ አለው። አውግስጢኖስ መጀመሪያውን ቢያነብ አልገባውም፤ የቀረውም ሁሉ እንዲሁ መስሎት አስቀመጠው።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተወ፤ አተዋወቁ ግን አንድ አይደለም። በ19 ዓመቱ መጽሐፉን አላዋቂ አድርጎ ፈረደበት፤ በ32 ዓመቱ ግን ጉድለቱን በራሱ ላይ አድርጎ፥ የጌታን አነጋገር ሲለምድ ሊመለስበት አቈየው። ለእኔስ በምክሩም ጥቂት ክብደት የነበረበት ይመስለኛል። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሄዳል እንጂ ኢሳይያስን ብቻውን እንዲወጣው አይሰጡትም፤ የነቢያት ምስጢር በትርጓሜ ቤት ከመምህር አፍ የሚሰማ ነው። የሕንደኬ ጃንደረባም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው የያዘው ይህንኑ ኢሳይያስን ነበር፤ ለእርሱም አልተገለጠለትም፤ ነገር ግን ፊልጶስን አጠገቡ አስቀምጦ ጠየቀ። አውግስጢኖስ አጠገቡ ፊልጶስ አልነበረውም። አምብሮስዮስ በከተማ ነበር፤ በከተማም ሳሉ ባለጉዳይ ስለሚከበው፥ ያለ ድምፅ ሲያነብ ሲያገኘው እንኳ ሊያቋርጠው አይደፍርም ነበር።

በ387 ዓ.ም. በፋሲካ ተጠመቀ። በ391 ዓ.ም. በሂፖ ቅስና በተሾመ ጊዜ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያጠናበት ጊዜ እንዲሰጠው ኤጲስ ቆጶሱን ቫሌርዮስን በደብዳቤ ለመነ። ቀጥሎም ቅዱሳት መጻሕፍት ስለሚነበቡበትና ስለሚሰበኩበት ሥርዓት መጽሐፍ ጀመረ። በዚያም የቃሉ መሠወር ትዕቢትን በድካም እንደሚያበርድና መሰልቸትን እንደሚከለክል ጻፈ፤ ያን የተወውን ኢሳይያስን አንሥቶም፥ በምዕራፍ 7 ቍጥር 9 ሁለቱ ትርጓሜዎች ቢለያዩ አንዱ ሌላውን እንደሚያግዝ አሳየ።

ይህንንም መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል ላይ አቋርጦ ሠላሳ ዓመት ያህል ተወው። በ426 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞ ሥራዎቹን ሲመረምር አግኝቶ ሦስተኛውን ፈጽሞ አራተኛውን ጨመረበት። በዚህ በአራተኛው ክፍል ከሄሮኒሞስ የሮማይስጥ ትርጓሜ የአሞጽን ቃል አመጣ፤ በጐልማሳነቱ ሲያስተምረው በኖረው የንግግር ጥበብ ሐረጉን እየቈጠረ፥ የዚህ የእረኛ አነጋገር ምን ያህል ያማረ እንደ ሆነ ለአንባቢ አሳየ።